ከነምርቃቱ ስንት ጣሳ?

መካነ ሰላም እህል ተራ ገብቶ «ከሁሉም እጀ ሰፊዋ ማን ናት?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ወይ የዋህ ነው፣ ወይ ጠብ ሊጭር የመጣ ነው። ግማሹ ገበያተኛ የሻለምን ይጠቁመዋል፤ ግማሹ ደግሞ ፊት ለፊቷ የምትቀመጠውን አልጣሽን። ያኔ ሁለቱ ሴቶች ከየመቀመጫቸው ብድግ ይላሉ፤ እንግዳው ሳይሸምት፣ እነሱም ሳይሸጡ፣ ጀንበር ታዘቀዝቃለች። እኛ የምናወራው የየሻለምን ነገር ስለሆነ ለሷ እናዳላለን። ማንም ቅር አይበለው፤ አልጣሽም ብትሆን የሚያዳላላት አላጣችም።

የሻለም አርባን የተሻገረች፣ ሰውነቷ ቀጭን፣ ድምፅዋ ግን ወፍራም ሴት ናት። ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ በጣሳ እየሰፈረች ትቸረችራለች። ጣሳው ሞልቶ ደንበኛው ከረጢት ውስጥ ከተገለበጠ በኋላ በሁለት እጇ አፍሳ የምትጨምረው አለ፤ ምርቃት ይባላል። ምርቃት በየገበያው ያለ ነገር ነው፤ የሻለም ጋ ግን ሃይማኖት ሊሆን ምንም አልቀረው። ያለ ምርቃት የተሸጠ እህል ለሷ ከስርቆት አይለይም። ይኸው አመል እህሉን አልፎ ወደ ሌላውም ነገሯ ገብቷል። ሰላምታ ስትሰጥ ሰውየውን፣ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ከብቱን ጠይቃ፣ ዱዓውንም አድርሳ ከተሰናበተች በኋላ፣ ሰውየው ጥጉን ሊታጠፍ ሲል «እንዴት ነህ ግን?» ብላ ትጨምርለታለች። ስትሳደብም እንዲያው ናት። ሰድባ ከጨረሰች፣ ገላጋዮችም ቤቷ ካስገቧት በኋላ፣ በሩን ከፈት አድርጋ አንዲት ስድብ ትመርቃለች።

አልወለደችም። ልጅ ግን አላት፤ ፈርሂያ። ፈርሂያ የታናሽ እህቷ የኡምኩልሱም ልጅ ናት። ኡምኩልሱም ልጅቷ ገና ስትድህ ጥላት ሄዳ ሪያድ የሰው ቤት ትሠራለች። ስለዚህ ፈርሂያ አፏን የፈታችው «እትዬ» ብላ ነው፤ እትዬ ማለት የሻለም ናት። አሁን አምስተኛ ክፍል ደርሳለች። ማንበቡን ታነባለች፣ መጻፉን ትጽፋለች፤ ሒሳብ ሲባል ግን ላባዛ ወይስ ላካፍል የሚለውን የምትወስነው እርሳሷን መሬት ላይ አሽከርክራ ነበር። ጫፉ ወደ በሩ ከዞረ ታባዛለች፣ ወደ ግድግዳው ከዞረ ታካፍላለች። በዚህ ዘዴ ባለፈው መንፈቅ ከመቶ ሠላሳ አራት አመጣች። እርሳሱ ያቅሙን አድርጓል።

ውጤቱን ኡምኩልሱም ሰማች። ወሬውን ሪያድ ድረስ ማን እንዳደረሰው እስካሁን አልታወቀም፤ የሻለም አልጣሽን ትጠረጥራለች።

«እታለም፣ ማታ ማታ ሒሳብ እኔው ራሴ አስጠናታለሁ ብለሽኝ አልነበር?» አለች ኡምኩልሱም በኢሞ ደውላ።

ብላ ነበር። የሻለም ግን ራሷ ከአራተኛ ክፍል የወጣች ናት። ማታ ማታ ለልጅቷ የምታስጠናት የዕለቱን የገበያ ጠብ ነበር፤ ማን ምን እንዳላት፣ እሷ ምን ብላ እንደመለሰች፣ ምን ብትል ኖሮ ደግሞ የበለጠ እንደሚያንገበግብ።

«በይ እንግዲህ» አለች ኡምኩልሱም፣ «እሁድ ስደውል አንድ ሒሳብ ራሷ ሠርታ ታስረዳኛለች። ከሆነላት እሰየው። ካልሆነላት ደሴ፣ እታለም አሰጋሽ ጋ ትሂድ። ባሏ መምህር ነው፤ ያስጠናታል።»

አሰጋሽ የሁለቱም ታላቅ ናት። ደግ ሴት ናት፤ ነገሩን ክፉ ያደረገውም ይኸው ነው፤ የሻለም «እዚያማ ትጎዳለች» ለማለት እንኳ ምክንያት አጣች። የዚያን ማታ እራት አልበላችም። ፈርሂያ የሌለችበትን ቤት በሐሳቧ ልታየው ሞከረች፤ ማን «እትዬ» እንደሚላት፣ የገበያውን ወሬ ለማን እንደምታወራ። ከዚያ ወዲያ ልታስበው አልደፈረችም።

እሁድ ደረሰ። ረፋዱ ላይ የሻለም ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ስትለቅም ፈርሂያ የሒሳብ መጽሐፏን ይዛ ከጎኗ ተቀመጠች። የሻለም አስተማሪ ለመምሰል ሻሽዋን አስተካከለች፣ ጉሮሮዋንም ጠረገች።

«አንብቢ።»

ፈርሂያ ጣቷን ከቃል ወደ ቃል እያስኬደች አነበበች። «ወይዘሮ አልጣሽ አንድ ኩንታል ስንዴ አላቸው። ስንዴውን አምስት መቶ ግራም በሚይዝ ጣሳ እየሰፈሩ ቢሸጡ ስንት ጣሳ ይሸጣሉ?»

የሻለም በእጇ ያለውን ባቄላ ሰፌዱ ላይ ለቀቀችው።

«ማን አልሽ?»

«ወይዘሮ አልጣሽ።»

«የትኛዋ አልጣሽ?»

«መጽሐፉ ላይ ያሉት ናቸዋ።»

«አጃኢብ! ይቺ ሴት መጽሐፍ ላይ ወጣች? እኔ እዚህ ሃያ ዓመት ስሰፍር አንድ የጠየቀኝ የለም፤ እሷ በመንግሥት መጽሐፍ ትውጣ? ደግሞ ወይዘሮ ብለው!»

«እትዬ፣ የእኛዎቹ እትዬ አልጣሽ አይደሉም እኮ። ዝም ብሎ ስም ነው።»

«ስም ዝም ብሎ አይመጣም። በይ እርሳስሽን አንሺና አርሚው። አልጣሽ አንድ ኩንታል ይዛ አታውቅም፤ ከግማሽ አልፋ ገዝታ አታውቅም።»

«የሚታረም አይደለም፤ የሚሠራ ነው» አለች ፈርሂያ። ድምፅዋ ቀጠነ። «እማ ዛሬ ትደውላለች።»

ይቺ ቃል የሻለምን ወደ ልቧ መለሰቻት። ሰፌዱን ገፋ አድርጋ ወደ ልጅቷ ተጠጋች።

«እሺ። ኩንታል ስንት ኪሎ ነው?»

«መቶ።»

«ጎበዝ! ይኸው፣ ምኑ ከበደ?»

«ግራሙ ነዋ። አንድ ኪሎ አንድ ሺህ ግራም ነው ይላል። ታዲያ ላባዛው ነው ላካፍለው?»

ይህ የሻለም ስትፈራው የነበረ ጥያቄ ነው። «ግራም የወርቅ ነው» አለች ኮስተር ብላ። «ስንዴ በግራም ሲሰፈር የት አይተሻል? እናትሽ ለጆሮሽ የላከችልሽ ሎቲ ነው በግራም የሚነገረው። ይሄን መጽሐፍ የጻፈው ሰው ወርቅ ቤት ያደገ መሆን አለበት።»

ፈርሂያ እርሳሷን ልታሽከረክር መሬት ላይ አጋደመችው። የሻለም ቀድማ አነሳችው።

«ተይው። ኩንታሉ ጓዳ አለ፣ ግማሽ ኪሎ የሚይዘው ጣሳም አለ። ምን አንገበገበን? እንስፈረውና እንወቀው!»

ሐሳቡ ለሁለቱም ጥሩ መሰላቸው። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ስንዴ ከጓዳ እየጎተቱ፣ እያረፉ፣ ደግሞ እየጎተቱ አወጡና ግቢው መሀል ሸራ ዘርግተው ዘረገፉት። ዶሮዎቹ ዓመት በዓል የመጣ መሰላቸው። ፈርሂያ ባዶ ማዳበሪያ ከፍታ ያዘች፤ የሻለም እጅጌዋን ሰብስባ ቁጭ አለች።

«ቢስሚላህ። አንድ» ብላ የመጀመሪያውን ጣሳ ገለበጠች፤ ወዲያው በሁለት እጇ አፍሳ ጨመረች።

«እትዬ! ምርቃቱ ምን ይሠራል? መጽሐፉ ላይ ምርቃት የለም።»

«አልጻፉትም እንጂ አለ። የታወቀ ነገር ይጻፋል እንዴ? ጣሳውን ብቻ የጻፉት ሰው እጅ እንዳለው ስለሚታወቅ ነው። ሁለት!»

«ለማን ነው የሚመርቁት? ገዢ የለማ!»

«ገዢ የለም ተብሎ ይሰረቃል? ሦስት!»

ሰባዎቹ ውስጥ ሲገቡ ጎረቤታቸው ሐጂ ሙሐሲን በበሩ ብቅ አሉ። ሽማግሌ ናቸው፣ ሰላምታቸውም እንደ ዕድሜያቸው ረጅም ነው። የሻለም ደግሞ ለሰላምታ የምትሰንፍ ሴት አይደለችም። ስለ ጤናው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከላላ ወረዳ አዝመራ ተጠያየቁ። ሐጂ ማታ ሰደቃ እንዳለባቸው፣ ሠላሳ ሰው እንደሚመጣ ነገሯት።

«አላህ ይቀበል። ሠላሳ አንድ!» አለችና ጣሳውን ገለበጠች።

«ሰባ ሦስት ነበር!» አለች ፈርሂያ ልታለቅስ ደርሳ። «አሁን ጠፋ! ከአንድ እንጀምር!»

እንደገና ዘረገፉት። ሐጂ ሙሐሲን በሩ ላይ ቆመው ግራ ተጋቡ። «የማን ስንዴ ነው እንዲህ የሚገለባበጠው?» ብለው ጠየቁ።

«የአልጣሽ ነው» አለች የሻለም፣ ቁጥሩ እንዳይጠፋባት ቀና እንኳ ሳትል።

ሐጂ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። መንገዳቸው ደግሞ በአልጣሽ ደጅ ነው።

የሻለም ስንዴውን ሰፍራ ጨርሳ «መቶ ስድሳ!» ብላ የመጨረሻዋን ጣሳ ስትገለብጥ የግቢው በር በርግዶ ተከፈተና አልጣሽ ገባች። አልጣሽ አጭር፣ ፈርጠም ያለች፣ ስትናደድ አንገቷ የሚጠፋ ሴት ናት። አሁን አንገቷ አይታይም።

«የታለ ስንዴዬ?»

«የምን ስንዴ?»

«ሐጂ ነገሩኝ! የአልጣሽን ስንዴ ዘርግፋ ትሰፍረዋለች አሉ። ወላሂ ዛሬ ቀበሌ ነው የምንገናኘው!»

አልጣሽ ማርያምን የምትዘክር ክርስቲያን ናት፤ ስትናደድ ግን ወላሂ ትላለች። የሻለምም ሙስሊም ሆና በጣም ሲብስባት «በማርያም ተይኝ» ትላለች። እዚያ አገር ይህ ማንንም አይገርምም።

«በማርያም ተይኝ አልጣሽ! ስንዴው የኔ ነው፤ ስሙ ነው ያንቺ። ፈርሂያ፣ አንብቢላት!»

ፈርሂያ አነበበች። የአልጣሽ አንገት ቀስ በቀስ ተመልሶ ታየ። እንደገና እንድታነብላት ለመነቻት። «ወይዘሮ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ አደረገች።

«እና ስንት ሆነልኝ?» አለች በለሰለሰ ድምፅ።

«መቶ ስድሳ» አለች የሻለም።

«ከነምርቃቱ?»

«ከነምርቃቱ ነዋ።»

«ታዲያ ይሄ ያንቺ ምርቃት ነው፤ የኔ አይደለም። መጽሐፉ የሚለው አልጣሽ ብትሰፍር ነው። ተነሽ፣ ጣሳውን አምጪ። እኔ አንቺ እንደምትጨምሪያት ያለች ጭብጥ አልመርቅም።»

ፈርሂያ «ኧረ እትዬ አልጣሽ፣ እባክዎ» ብትልም የሚሰማት አልነበረም። ስንዴው ለሦስተኛ ጊዜ ሸራው ላይ ተዘረገፈ። አልጣሽ ጣሳውን ገልብጣ በሁለት እጇ አፈሰች፤ የሻለምን በዓይኗ ገረመም አድርጋ ደግማ አፈሰች፤ ጥቂትም ከላዩ ጣል አደረገች። እንደዚያ እያለች እስከ መጨረሻው ሰፈረች። ላብዋ በግንባሯ ወረደ።

«መቶ ሃያ አምስት!» አለችና ጣሳውን ድል እንዳደረገ ሰው ወደ ላይ አነሳችው። «ይኸው! እጀ ሰፊ ማን እንደሆነ መጽሐፍም ይመስክር!»

«ሁለት ጊዜ ነው ያፈስሽው!»

«ሁልጊዜም ሁለት ጊዜ ነው!»

«ውሸታም! ሰው ሲያይሽ ብቻ!»

ፈርሂያ መሀላቸው ቆማ አንዴ ስንዴውን፣ አንዴ ጣሳውን ታያለች። ያው ስንዴ ነው። ያው ጣሳ ነው። አንዴ መቶ ስድሳ፣ አንዴ መቶ ሃያ አምስት። ሌላ ሰው ቢመጣ ደግሞ ሌላ ሊሆን ነው።

«እትዬ፣ እስቲ አሥር ጣሳ ያህል ያለ ምርቃት ይስፈሩልኝ» አለች።

የሻለም እንቢ ማለት አልፈለገችም። ጣሳውን ሞልታ ገለበጠች፤ እጇ ግን ሳትጠይቀው ሄዶ አፈሰ። ደግማ ሞከረች፤ ቀኝ እጇን በጉልበቷ ተጭና ይዛ። ግራው አፈሰ። አልጣሽ እየሳቀችባት «ስጪኝ» ብላ ተቀበለቻት። አንዱን ጣሳ ገለበጠችና እጇን እንደምንም ወደ ኋላዋ ደበቀች፤ ፊቷ ቀላ፤ ትንሽ ቆይታ «ኤጭ፣ ነውር ነው!» ብላ አፍሳ ጨመረች።

«በቃ ሐጂ ሙሐሲን ቤት ሚዛን አለ» አለች ፈርሂያ፣ «ምርቃቱን እንመዝነውና እንቀንሰው።»

«ምርቃት አይመዘንም!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ። ከተዋወቁ ጀምሮ ሲስማሙ የመጀመሪያቸው ነው።

«በረከቱ ይሄዳል» አለች የሻለም።

«ይሄዳል» አለች አልጣሽ። «እናቴም እንዲያ ትል ነበር።»

ያኔ ፈርሂያ ተናደደች። በዚያች ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ንዴት ታይቶ አይታወቅም። «እንግዲያው ተዉት! በወረቀት ነው የምሠራው! ሁለታችሁም አትናገሩኝ!» ብላ ደብተሯን ይዛ ሸራው ጫፍ ላይ በርከክ አለች። ሁለቱ ሴቶች እንደተቆጧቸው ሕፃናት ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፈርሂያ እርሳሱን አላሽከረከረችም፤ ጥርሷ መሀል አድርጋ አሰበች።

«እትዬ፣ አንድ ኪሎ ስንዴ ብፈልግ ስንት ጣሳ ይሰጡኛል?»

«ሁለት ጣሳ ነዋ። ከዚያም ምር…»

«ያለ ምርቃት!»

«ያለ ምርቃት…» የሻለም ፊቷን አጨማደደች፤ መራራ ነገር የዋጠች መሰለች። «አስቀያሚ ነገር ነው። ግን ሁለት ነው።»

«አንድ ኪሎ ሺህ ግራም፣ አንዱ ጣሳ አምስት መቶ፤ አዎ፣ ሁለት። ለአንድ ኪሎ ሁለት ከሆነ ለመቶ ኪሎ…» እርሳሱ ሮጠ። «ሁለት መቶ! በግራምም ልየው። መቶ ኪሎን ወደ ግራም ስለውጠው መቶ ሺህ ይሆናል፤ ግራሙ ትንሽ ስለሆነ ቁጥሩ ይበዛል፤ ለዚህ ነው የሚባዛው! መቶ ሺህን ለአምስት መቶ ሳካፍለው ሁለት መቶ! እኩል መጣ! እትዬ፣ እኩል መጣ!»

የሻለም ግራሙም ማባዛቱም አልገባትም። የልጅቷ ፊት ግን ገባት፤ እንዲህ ሲበራ ከዚህ ቀደም አላየችውም። ደስታዋን መደበቅ አቅቷት የአልጣሽን ጉልበት በጥፊ መታችው።

ፈርሂያ ግን አላበቃችም፤ አንዴ ማካፈል ገብቷታልና የሚያቆማት ጠፋ። «ቆይ፣ መቶ ሺህን ለመቶ ስድሳ ሳካፍለው ስድስት መቶ ሃያ አምስት። አምስት መቶው ጣሳው ነው። እንግዲህ የእትዬ ምርቃት መቶ ሃያ አምስት ግራም ነው።»

«ሚዛን ላይ ሳይወጣ?» አለች የሻለም ደንግጣ።

«ሳይወጣ። የእትዬ አልጣሽ ደግሞ…» ትንሽ ጻፈች። «ሦስት መቶ ግራም!»

አልጣሽ በግራምም ስላሸነፈች ተነስታ ልትጨፍር ምንም አልቀራትም። ፈርሂያ ቀጠለች። «ስለዚህ እትዬ ከአንድ ኩንታል ሰማንያ ኪሎ ሸጠው ሃያ ኪሎ መረቁ። እትዬ አልጣሽ ግን ሠላሳ ሰባት ኪሎ ተኩል መረቁ ማለት ነው።»

አልጣሽ ያለችበት ደርቃ ቀረች። ወደ የሻለም ጆሮ ጠጋ ብላ «ሁልጊዜ እንኳ እንዲህ አልሰጥም» አለች በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ» አለች የሻለም።

ስልኩ ጮኸ። ኡምኩልሱም ናት። አሠሪዋ ጋደም ስላለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው። የሻለም ስልኩን ፈርሂያ ፊት ያዘችላት።

«በይ ልጄ፣ ሒሳቡን ንገሪኝ» አለች ኡምኩልሱም።

ፈርሂያ ጥያቄውን አነበበችላት። ከዚያም በደስታ ጥድፊያዋ «መልሱ ሁለት መቶ ነው፤ በእትዬ እጅ ግን መቶ ስድሳ ነው፤ በእትዬ አልጣሽ እጅ ደግሞ መቶ ሃያ አምስት!» አለች።

ኡምኩልሱም ተነፈሰች። «ሦስት መልስ ያለው ሒሳብ የት አለ ልጄ? ይኸው፣ ያልኩት ደረሰ። እታለም፣ አየሽ? አልተቀየምኩሽም ወላሂ፤ ግን ክረምት ሲመጣ ደሴ ትሂድ።»

«አንቺ! ስሚኝ» አለች የሻለም፤ ያ ወፍራም ድምፅዋ የት እንደገባ እንጃ። «ልጅቷ አልተሳሳተችም። ያንቀዠቀዥኳት እኔ ነኝ። ስንዴ ዘርግፌ፣ ምርቃት ጨምሬ፣ ይቺንም ጠርቼ…»

«ማንም አልጠራኝም፤ ራሴ ነው የመጣሁት» አለች አልጣሽ።

«…አስጠናታለሁ ያልኩሽም ውሸቴን ነው። አንድ ቀን አላስጠናኋትም፤ የማላውቀውን ከየት አመጣለሁ? ዛሬ ሁላችንንም ዝም አሰኝታ ብቻዋን ነው የሠራችው። ሁለት መቶ ነው መልሱ። እኔን እንደፈለግሽ ውቀሺኝ፤ ልጅቷን ግን እስቲ ጠይቂያት።»

ኡምኩልሱም ጠየቀቻት። ፈርሂያ ከኪሎው ጀምራ እስከ ግራሙ አስረዳቻት፤ ምርቃቱ እንዴት ሳይመዘን እንደታወቀም ጨመረችላት። ኡምኩልሱም ሳቋን ለማፈን አፏን በእጇ ያዘች፤ ትከሻዋ ግን ሲርገፈገፍ ስክሪኑ ላይ ይታያል። ቆይታ ዓይኗን ጠረገች።

«ጎበዝ ነሽ። አላወቅኩም ነበር እንዲህ መሆንሽን» አለች። «ቢሆንም ልጄ፣ ደሴ ብትሄጂ ከዚህ የበለጠ ትጎብዢያለሽ። መጽሐፉም፣ ሰዉም እዚያ ይሻላል። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

የሻለም ልጅቷን ላለማየት ወደ ዶሮዎቹ ዞረች። ካየቻት ልትለምናት ነው፤ እንዳትለምናት ደግሞ ፈርታለች።

«እማ፣ ደሴ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» አለች ፈርሂያ።

«እንጃ፣ መቶ ሰማንያ ገደማ ይሆናል።»

«መቶ ሰማንያ ሺህ ሜትር።» ፈርሂያ ወረቀት እንኳ አላነሳችም። «በጣም ብዙ ነው። እትዬን እኮ መኪና ያስመልሳቸዋል፤ ደጎሎ ለቅሶ ደርሰው የመጡ ጊዜ ስንት ቀን ተኙ። ስለዚህ ልጠይቃት ካሉ በእግራቸው ነው የሚመጡት፤ ያን ሁሉ ሜትር።» ስልኩን በሁለት እጇ ተቀበለች። «እማ፣ አንቺ ጋስ ስንት ሜትር ነው?»

አልጣሽ «ኔትወርክ ነው» አለች። ኔትወርክ አልነበረም። ኡምኩልሱም ስክሪኑ ላይ አለች፤ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ድምፅ አይወጣትም።

«እሱን አትሥሪው ልጄ» አለች በመጨረሻ። «እሱ ይቅር። ከቤታችን አንድ ሰው መራቁ ይበቃል። እታለም፣ ትሰሚኛለሽ? ፈርሂያ እዚያው ትሁን።»

የሻለም ትሰማለች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ስንዴው መሀል እንደተቀመጠች በሻሽዋ ጫፍ ፊቷን ታብሳለች። ፈርሂያ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች።

«ደሴ ድረስ በእግሬ እንደምመጣ ማን ነገረሽ?» አለቻት የሻለም፣ የተቆጣች ለመምሰል እየሞከረች።

«መኪና ያስመልስዎታላ።»

«ቢያስመልሰኝም እሳፈር ነበር» አለች የሻለም። «በየሳምንቱ እሳፈር ነበር።»